በውድነህ ስም የተገበረ

ጎንደር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለካሰች፣ ወገራ

እንደምን ባጀሽ? አዛለችስ እንደምን ባጀች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ማኅሌት ሲያቆሙት እንጂ ማዕድ ሲያስቀምጡት አያማርርም። ደብዳቤሽ ለመስቀል ደርሶኝ መልሱን እስከ ዛሬ በማቆየቴ አትቀየሚኝ። የጠየቅሽው ነገር ቶሎ የሚመለስ ባይሆን ነው። የሚያደርስልኝ የታመነ ሰውም ቸግሮኝ ነበር። ይባረክ፣ ያ የወለቃው ቀጥቃጭ፣ ማረሻ ይዞ ወደ እናንተ ገበያ እወጣለሁ ስላለኝ ከጥቂት ቡና ጋር በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ሰው ስለ ቤተ እስራኤል የሚያወራውን አውቃለሁ፤ እኔ ግን በዚህ ከተማ ከእሱ የተሻለ አደራ ጠባቂ አላገኘሁም።

አባታችን እኔን ፊደል ሲያስቆጥር አንቺ ከኋላዬ ተቀምጠሽ መልቀምሽ ዛሬ ጠቀመን። የሚያነብልሽ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ገልጬ አልጽፍም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ጣሊያን በመሬቱ ላይ የጣለውን ግብር መክፈል በሕግ ግዴታችን ነው ወይ ብለሻል። ባልሽ ውድነህ ከፊታውራሪ ቢያዝን ጋር ዱር ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ጭቃ ሹሙ አለኸኝ ደግሞ እስከ ኅዳር ሚካኤል ያልተገበረበት መሬት ለሌላ ይሰጣል ብሎሻል። ሌላ የሚለው ራሱን መሆኑን አንቺም አላጣሽውም፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ሦስት ሊቃውንት ጠየቅሁ። አንደኛው ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፣ አገር የያዘ ግብር ይበላል ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ተቆጡኝ። ግብር የሚገባው ለተቀባው ንጉሥ ነው፤ እሱ ባሕር ማዶ በሕይወት ሳለ ለሌላ የሚገብር መሐላውን አፍርሷል አሉኝ። ሦስተኛው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ በጠመንጃ አፈሙዝ የሚወሰድ ቅሚያ እንጂ ግብር አይባልም፤ ለቀማኛ የሰጠ ሰው ተቀማ ይባላል እንጂ ገበረ አይባልም አሉ።

እኔ የሦስተኛውን ይዣለሁ። መልሴም ይህ ነው፦ በሕግ አይገባም፤ አንቺ ግን ክፈይ። ቀማኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሕግ መጥቀስ ቤት አያድንም። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል።

በማን ስም እንደምትከፍዪ ግን ተጠንቀቂ። የርስት ክርክር ሲነሣ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው በማን ስም ተገበረ ብሎ መሆኑን ታውቂያለሽ። በስምሽ ብትገብሪ፣ ነገ የውድነህ የአጎት ልጆች ሚስቱ ርስቱን ወደ ራሷ አዞረችው ብለው ይነሣሉ። ያን ጊዜ አዛለች የአባቷን መሬት ታጣለች። ስለዚህ በእሱ ስም ክፈይ። ሲመለስ መሬቱን እንደ ተወው ያገኘዋል።

የሚያገኘው ሰው ካገኘሽ ሰላም በይልኝ። ቆሎ ተማሪ ሳለን እኔ ቅኔ ስቆጥር በየደጁ ውሻ የሚመልስልኝ እሱ ነበር። አንቺን የዳርሁለት ለዚያ ውለታ ነው እያልሁ አስቀው ነበር፤ እሱም ውለታው ይበዛል ይለኝ ነበር። ናፍቆኛል።

ይህን አንብበሽ እሳት ላይ ጣዪው።

ወንድምሽ ሐብተ ማርያም


ወገራ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

አያ ሐብተ ማርያም፣

ከጉልበትህ በቀር ደኅና ከሆንህ ደኅና ነህ ማለት ነው፤ ለማዕድ የሚታጠፍ ጉልበት ብዙ አልታመመም። እኛም ደኅና ነን። አዛለች የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች። ቡና ላክሁልሽ ያልኸው አልደረሰም፤ ይባረክን ጠይቄው ቡና አልሰጠኝም ብሎ ምሎልኛል። መላክህን ረስተኸው ይሆናል እንጂ እሱ አይዋሽም።

እንዳልኸኝ አደረግሁ። ለሚካኤል ዋዜማ በቅሎዋን ሸጬ ከፈልሁ። እንዴት እንደምወዳት ታውቃለህ፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የምንከፍለው ከገበያው ዳር በተተከለ ድንኳን ነው። በሩ ላይ አለኸኝ ቆሞ ማን መጣ ማን ቀረ ይላል። እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። መሬታችንን በዓይኑ ማረስ ከጀመረ ሰንብቷልና አልፈረድሁበትም። እንዲህ ባለ ቀን የምስቅበት ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

አስተርጓሚው በማን ስም ነው አለኝ። በባለቤቴ በውድነህ ስም ነው አልሁት። የቢያዝኑ ውድነህ ነው ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። መሬቱ የእሱ ነው፣ ግብሩም በስሙ ነው አልሁ። ለጣሊያኑ ሹም ሲተረጉምለት ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ለአዛለችም ከረሜላ ሰጣት። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ግብር ተቀባይ አይቻለሁ። የሚቆጣ እንጂ የሚጨብጥ አይቼ አላውቅም። ነገሩ አልጣመኝም።

ቢሆንም መሬቱ ዳነ ብዬ ልቤን አሳረፍሁት። ስንዴው ሸጋ ነው፤ ውርጭ ካልመታው ጎተራ ይሞላል። ለውድነህ መክፈሌን ገና አልነገርሁትም። ሰው ሲገኝ እልክበታለሁ፤ ደስ እንደሚለው አስባለሁ።

እኅትህ ካሰች


ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ካሰች እኅቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ። ከአንቺ ምንም ወሬ አልደረሰኝም፤ ይባረክም ገና አልተመለሰም። ይህን ለጨው ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ፤ ቶሎ ይድረስ እንጂ ማንም ያድርሰው።

ትናንት ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ የመጣ አንድ አስተርጓሚ ከቢሮው የሰማውን አጫወተኝ። በጣሊያኖቹ ዘንድ ግብሩን የከፈለ ሰው ሁሉ እጁን እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ዱር የወጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ለመንግሥት ገባ ተብሎ ስሙ በገበያ በአዋጅ ይነገራል። የሚፈልጉት ገንዘቡን አይደለም፤ ጓደኞቹ አዋጁን እንዲሰሙ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሦስቱ ሊቃውንትም አላወቁትም።

ገና ካልከፈልሽ በእሱ ስም እንዳትከፍዪ። በስምሽ ክፈይ፣ ወይም ተዪው፤ የአጎቱ ልጆች ይክሰሱ፣ እኔ ቆሜ እከራከራለሁ። ከፍለሽ ከሆነ ግን ከገበያው በፊት ለውድነህ ሰው ላኪ። ከአዋጅ ነጋሪ አፍ ከሚሰማው ከአንቺ ይስማው።

ሐብተ ማርያም


ወገራ፣ የካቲት ፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

አያ ሐብተ ማርያም፣

የታኅሣሡ ደብዳቤህ ከጥምቀት በኋላ ደረሰኝ። ነጋዴው ከከተማ ሳይወጣ በቅሎዎቹን ለመንገድ ሥራ ወስደውበት ባጅቷል። እሱን አትውቀሰው። ስለ ጤናዬ ባትጠይቀኝም ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁም። አዛለች ደኅና ናት።

ሌላውን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርህ። አዋጁ የተነገረው ከልደት በፊት በነበረው ገበያ ነው። ነጋሪቱ ተመታና የቢያዝን ሰው የነበረው ውድነህ ግብሩን ገብሮ ለመንግሥት ገብቷል፣ እናንተም እንደ እሱ ግቡ ተባለ። ቅቤ ትሸጥ የነበረች ጎረቤቴ መጥታ አቀፈችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ባልሽ ሊመጣልሽ ነው አለችኝ። በልቧ ክፋት የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ልኬ ነበር፤ ሰውዬው ዱር ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። የሆነውን እዚያው የዋለው ይኸው ሰው ነገረኝ። ፊታውራሪ ቢያዝን ውድነህን በሰው ፊት አቁሞ ጠየቀው። ሚስትህ ናት የገበረችው የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው ወይ አለው። አያ፣ አዎን ቢል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ምን እንዳለ ልጻፍልህ።

«በስሜ የተገበረ የእኔ ነው» አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ አንተ ላታውቅ ትችላለህ። ቢያዝን ለጣሊያን የገበረ ቤት ይቃጠላል ብሎ አስነግሯል፤ ከእኛ በታች አንድ ቤት አቃጥሏል። ውድነህ እኔን ቢጠራ እሳቱ ወደዚህ ይመጣል። እሳቱን ወደ ራሱ ወሰደው። ጠመንጃውን ቀሙትና ወደ ሚስትህ ሂድ አሉት። አልመጣም። ቢመጣ አዋጁን እውነት ሊያደርገው ነው። ዱላ ይዞ ስንቃቸውን ተሸክሞ ከኋላቸው ይሄዳል አሉኝ። ማንም አያናግረውም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ራሴ ሄጄ ለቢያዝን እኔ ነኝ የገበርሁት፣ እሱ አላወቀም ብል በሕግ ይሰማኛል ወይ? ቤቱ ይቃጠል ብል ይሰማኛል ወይ? ቶሎ መልስልኝ። በጣም ጨንቆኛል።

ካሰች


ጎንደር፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለካሰች፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እዚህ የፋሲካ ሥጋ እንኳ ለመግዛት ሰልፍ ሆኗል፤ በሬውን ሁሉ ለወታደር ይወስዱታል። ከግንቡ ፊት ያለውን ዛፍ ቆርጠው መንገድ አውጥተዋል። ማኪናው ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ሲያነብ ድምፁ አይሰማም።

አትሂጂ ብዬ በመጋቢት ጽፌልሽ ነበር። አሁንም አትሂጂ እላለሁ። ባል በራሱ ላይ የመሰከረውን ሚስት ላፍርስ ብትል ዳኛ ባሏ ልኳት ነው ይላል። ደግሞም ምስክርነትሽን ቢቀበሉሽ ቤቱ ይቃጠላል፤ ውድነህ የተሸከመው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የቢያዝን ቁጣ እስኪበርድ ታገሺ። ክረምቱ ሲወጣ እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ እወጣለሁ። ነገሩን የመከርሁ እኔ ነኝና እግሩ ላይ ወድቄ የምነግረው እኔ ነኝ። ጠመንጃውን ያስመልሱለታል።

ይህን ስጽፍ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ሰው ስንት ዓመት መጽሐፍ ገልጦ አንዲት እኅቱን መምከር ሲያቅተው ምን ይባላል?

ለውድነህ ብለሽ እንድትልኪለት ቡልኮ ሰጥቼ ልኬያለሁ። ይባረክ አስረክቤያለሁ ብሎኛል፤ ግን ሲነግረኝ ወደ መሬት እያየ ነው። የሆነ ነገር አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው መንገዱ አድክሞኝ ነው አለ። አንቺም ለፋሲካ በላክሽልኝ ሰላምታ ውስጥ የውድነህን ስም አላነሣሽም። ከዚህ በፊት ሳታነሺው ቀርተሽ አታውቂም። ምነው?

ወንድምሽ


ወገራ፣ ሰኔ ፳፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

አያ ሐብተ ማርያም፣

እንደምን ከረምህ? የላክኸው ደረሰ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ያዘ፤ ወንዙ ሞልቶ ገበያ ከቀረን ሰነበትን። ገብሱን ጎረቤቶቼ በደቦ ዘሩልኝ። እኔ ጠላ ጠምቄ ከፍ ዝቅ ስል ዋልሁ። ለሠራተኛው የሚበቃ ጠላ ስላልወጣልኝ አፍሬ ነበር፤ ማንም አልተናገረኝም። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ለእኔ ደግ ሆኗል።

አዛለች አዲስ ጥርስ አብቅላለች። አንዱ ጥርሷ ጠማማ ነው። የአባቷ ጥርስ ነው የወጣው። ይባረክ ማረሻውን ሳያስከፍለኝ ሳለልኝ፤ ብሰጠው እምቢ አለ። ከማመስገን በቀር የማደርገው አጣሁ። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ቀይ ናት። ጣራው በአንድ በኩል ያፈስሳል፤ ከበሩ በላይ ነውና አያሳስብም።

ስለ ውድነህ የጠየቅኸኝን በዚህ ደብዳቤ አልመልስም። አትቀየመኝ። ወንዙ ሲጎድል ከዚህ የሚወርዱ ዘመዶች አሉ፤ እነሱ ይነግሩሃል። ይባረክንም አታስጨንቀው፤ ምንም እንዳይልህ ያስማልሁት እኔ ነኝ። እስከዚያ ከቤተ ክርስቲያን አትቅር፤ ብቻህንም አትብላ።

ቡልኮው ሸጋ ነው። አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

ካሰች


ጎንደር፣ ጥቅምት ፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

እኅቴ፣

የላክሻቸው ዘመዶች መጡ። ገና ሳይነጋ በሬን ሲመቱ፣ አራት ሆነው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲቆሙ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሰኔውን ደብዳቤ ያነበብሁ ዕለት አውቄው ነበር። ግን ስላልተነገረኝ አላለቀስሁም። ክረምቱን ሙሉ ሳላውቅ ለመኖር ደከምሁ።

ምነው በደብዳቤ ብትነግሪኝ ብዬ ላማርር አስቤ ነበር። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ብቻውን ሆኖ አንብቦ ብቻውን እንዳይወድቅ ብላለች አሉኝ። እኔን በዚያ መከራ ውስጥ ሆነሽ አሰብሽኝ። እኔ ሳላውቅ የቆየሁትን ወር ሁሉ አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽዋል።

የሆነውን ነገሩኝ። መጋቢት ላይ ጣሊያኖቹ ከገደሉ አፋፍ ሲተኩሱባቸው፣ የወደቀ ጓደኛውን ሊያነሣ እንደ ሄደ፣ በእጁ ከዱላ በቀር ምንም እንዳልነበረ ነገሩኝ። ሰውየውን አውጥቶት እሱ ቀረ አሉ። ጠመንጃው ቢኖረው ምናልባት ይድን ነበር። ጠመንጃውን ያስቀማው የእኔ ምክር ነው። ይቅር በይኝ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ካሰች፣ ይቅር በይኝ።

አሁን ግን አንድ ምክር ልጨምር። ከእኔ ምክር መቀበል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ያ አስተርጓሚ መጥቶ ነበር። ውድነህ በቢሮው ዘንድ እጁን የሰጠ፣ ግብሩን የከፈለ ሰው ነው፤ የሞተውም ከሽፍቶቹ እጅ ሊያመልጥ ሲል ነው ብለው ይዘውታል። ስለዚህ መሬቱን ለልጁ ያጸኑላታል። አለኸኝ ሊነካው አይችልም።

ተዝካሩን አዝመራ እስኪገባ አቆይተሽዋል አሉኝ። በዚያ ቀን ብዙ ጆሮ ይኖራል። ማንም ስለ ግብሩ ቢያነሣብሽ ዝም በይ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እነሱ ያሉትን አንቺ አላልሽም፤ ዝም ያለ ሰው አልዋሸም። ውድነህ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ አሁን የሚተርፈው የአዛለች መሬት ብቻ ነው። እኔ መምጣት አልተፈቀደልኝም፤ ከከተማ ለመውጣት ወረቀት ከልክለውኛል። እዚህ ፍትሐት አስፈትቻለሁ።

የማልጠቅምሽ ወንድምሽ ሐብተ ማርያም


ወለቃ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

አያ፣

ይህን የምጽፍልህ ከወገራ አይደለም። ወለቃ ነኝ፣ ይባረክ ቤት። የከተማው ደወል ከዚህ ይሰማል። የአንተ ደብር የቱ እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ሁሉንም አዳምጣለሁ። እንዳትመጣ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተነሥቼ ሄጃለሁ።

ተዝካሩ ደስ የሚል ተዝካር ነበር። ለሰኔው ደቦ ያነሰኝን ጠላ ለዚህ ካሥሁት። ካህናቱ ጠገቡ፣ ድኆችም ጠገቡ። አለኸኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ በዋንጫ ይጠጣል። በሌላው ጥግ ነጠላ የተከናነበ ሰው ነበረ፤ ቢያዝን መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አብረውት የመጡትም በሰው መካከል ተበትነው ተቀምጠዋል።

በእኛ አገር ልማዱን አልነግርህም፤ ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ጎበዝ እየተነሣ ለሟቹ ይፎክርለታል። ዓሣማ የገደለ እንኳ ይፎከርለታል። አያ፣ ለውድነህ ማንም አልተነሣም። አልቃሿ አራሽነቱን ገጠመች፣ እንግዳ መውደዱን ገጠመች፤ ዱር ላይ ስትደርስ ዘለለችው። ሰዉ ወደ ዋንጫው ያያል። ማንም ክፉ አልተናገረም። ለገባ ሰው አይፎከርም፤ ነገሩ ይኸው ነው። አዛለች አጠገቤ ነበረች፤ ለአባዬ መቼ ይፎክሩለታል አለችኝ።

ምክርህን አልረሳሁትም። ዝም ብል መሬቱ እንደሚቀር አውቄያለሁ። ብናገር ደግሞ አለኸኝ በነጋታው ለጣሊያኑ እንደሚያደርስ፣ ቢያዝንም ቤቱን ሊያቃጥለው እንደሚችል አውቄያለሁ። ሁሉንም አውቄ ተነሣሁ።

«የገበርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ውድነህ አላወቀም። ቤቴ እንዳይቃጠል ብሎ ወደ ራሱ ወሰደው። እሱ አልገባም፤ ለማንም አልገበረም።»

ከዚያ በላይ አልቻልሁም። አንተን አልጠራሁም፤ የመከረኝ ሰው አለ አላልሁም። አንተ የጠየቅሁህን መለስህልኝ እንጂ ድንኳኑ ድረስ አልሄድህልኝም።

ቢያዝን ነጠላውን ጥሎ ተነሣ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። ቤቴንም አላቃጠለም። የውድነህን ስም ከነአባቱ ጠርቶ ፎከረለት። ሲፎክር ሌሎቹ ተቀበሉት። ሁሉም ተነሡ አያ፤ ቅቤ የምትሸጠው ጎረቤቴ እንኳ እልል አለች። ያን ጊዜ መጋቢት ላይ ያላለቀስሁትን ሁሉ አለቀስሁ።

አለኸኝ ዋንጫውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ባንዶች መጥተው መሬቱን አስረከቡት፤ እኔንም ሊይዙኝ እንደሚፈልጉ ሰማሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ስወጣ በእኛ በሬ እያረሰ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ስም አይታረስም። ወደ ኋላ እያየሁ ነው የወጣሁት። መሬቱ ያመኛል፤ አልዋሽህም።

ይቅር በይኝ ብለሃል። ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ። ስለ ሦስቱ ሊቃውንት ግን መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ለቀማኛ መስጠት ግብር አይደለም ያሉህ ሰው ልክ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን ቀማኛ የያዝኸውን ወስዶ ይሄዳል፤ በማን ስም ነው ብሎ አይጠይቅም። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሰው ስም ሲጠይቀኝ መንቃት ነበረብኝ። አንተም እኔም ስለ መሬት ስናስብ ስሙን እንደ ቀላል ነገር ሰጠነው።

እኔ ወደ ላይ እመለሳለሁ። ቢያዝን ስንቅ የሚያሰናዳ ሰው ያስፈልገዋል፤ እኔም ሌላ ቤት የለኝም። እዚያ ለልጅ አይሆንም። ይህን ደብዳቤ የሰጠችህ ልጅ አዛለች ናት። ክርስትና ስትነሣ ካየሃት ወዲህ አላየሃትምና ላታውቃት ትችላለህ። እስከ ደጅህ ያመጣት ይባረክ ነው፤ እሱ ፊት ለፊት እንዳይታይ ከሩቅ ቆሞ ይሆናል፤ አትጥራው።

ዛሬ ምንም አትጠይቃት፤ አብላት፣ አስተኛት። ቡልኮውን ይዛዋለች፤ ሌሊት ይበርዳታል። ሰው ቢጠይቅህ ከገጠር የመጣች የሙት ልጅ ናት በል፤ ውሸት አይደለም። የአባቷን ስም በከተማ እንዳታወጣ መክሬያታለሁ፤ ልጅ ናትና ከብዷታል።

ሰው ሲርቅና ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ግን በሩን ዝጋና፣ የማን ልጅ ነሽ ብለህ ጠይቃት። ስትመልስልህ ስማት።

እኅትህ ካሰች